ከሳውዲ የሚመጣው ሮቦት

ቆቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ዘሀራ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እንዳትቀንሽ ብያታለሁ።

የወንድሟን የመሐመድን ፎቶ አውጥታ የምታፈላልግበት ድረ ገጽ ዛሬም አልከፈት አለ። የጎብኚው ቁጥር ሲበዛ ስንት ሰው እያየልን ነው እያልኩ ገበያ ላይ ስኩራራ ነበር። ለካ ሰው አይደለም፤ ሮቦት የሚሉት ገጽ የሚለቅም የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። «ሰው አንዱን አንብቦ ያርፋል፤ ይሄ ሁሉንም ባንዴ ሲያግበሰብስ ገጹ ይጨናነቃል» አለችኝ። አትግባ ተብሎ የተጻፈለትን አያከብርም፤ ሲዘጋበት ስሙን ቀይሮ ከዚያው ከሳውዲ ይመለሳል። ማሽላ ላይ የወረደ ግሪሳ በሉት።

«አባዬ፣ ከሳውዲ የሚመጣውን በሙሉ ልዝጋው?»

«ወንድምሽ ወዴት ነው የሄደው?» አልኳት።

«ካልዘጋሁት ለማንም አይከፈትም። ለጊዜው ነው» አለች።

መሐመድም በአፋር በኩል ሲወጣ ለጊዜው ነው ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። በሕይወት ካለ፣ እሱም ሆነ እሱን ያየ ሰው ያለው እዚያው ሳውዲ ነው።

ዝጊው አልኳት። ዘጋችው። ወዲያው ፎቶው ወጣ፤ ይስቃል። ልጄ ላይ በር ያዘጋሁት እኔ ነኝ።

በይ አሁን መልሰሽ አንብቢልኝ። አታልቅሽ፤ አንብቢ።