የትኛው ቅጠል ነው የገረጣው?

ልጄ፣ መንገድሽ ይቅና፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደኅና ነን። አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት አጥሩን ሲያፈርስና ሲሠራ ይውላል።

ዘንድሮ ኦቾሎኒው ቢጫ ሆኖብን ነበር። አባትሽ መቼም ሳይጠሩት ሐኪም ነው፤ "ርቦት ነው" ብሎ ማዳበሪያ ጨመረ፣ ምንም አልተሻለውም። "ጠምቶት ነው" ብሎ ውኃ ለቀቀበት፣ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ የሰብል ባለሙያዋን ጠራናት። ገና እግሯ ማሳው ውስጥ ሳይገባ "የገረጣው የትኛው ቅጠል ነው? አሮጌው ወይስ ለጋው?" አለችን። ለካ ሁለታችንም ልብ አላልንም! ጎንበስ ብለን ስናይ የታችኞቹ አረንጓዴ ናቸው፤ የገረጡት ጫፍ ላይ ያሉት ለጋዎቹ ናቸው።

"የማዳበሪያ እጥረት ቢሆን አሮጌው ከራሱ ቀንሶ ለለጋው ይሰጥና ራሱ ቀድሞ ይገረጣ ነበር" አለች። "ይሄ የብረት እጥረት ነው። ብረትን አሮጌው ቅጠል ቢኖረውም ለለጋው አያሳልፍም።"

ለማረጋገጥ አባትሽ ብረት ያለበትን ውኃ በቀለም ብሩሽ ጥቂት ቅጠሎች ላይ ቀባ። በሳምንቱ የተቀቡት ብቻ አረንጓዴ ሆኑ፤ እሱም "እኔ ነኝ ያዳንኩት" እያለ ሰፈሩን አዳረሰው።

ትናንት የላክሽውን ፎቶ ሳይ የባለሙያዋ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከንፈርሽ ገርጥቷል፤ ደረጃ ስትወጪ እንደሚደክምሽ የነገርሽኝንም አልረሳሁም። እባክሽ የኔ ዓለም፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ደምሽን ተመርመሪ። እኔ እዚህ ለምልሜአለሁ፤ ግን ከዚህ ሆኜ ላሳልፍልሽ አልችልም።

ለምለም ፊትሽን ያሳየኝ።

እናትሽ