ለራሴ ነው ብዬ የገዛሁት ክኒን

ይድረስ ለአባቴ፣ ማንኩሳ ካለው ቤትዎ፤

አባዬ፣ ከተለዩን ሰባት ወር ሆነ። እኛ አለን። ዘንድሮ በርበሬው ሸጋ ነው፣ ጓሮው ቀልቷል። ቀይዋ ላምም ወልዳለች። እማዬን ግን እንደ እርስዎ ጉልበታቸውን ይዟቸዋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሳልነግርዎ የቀረ ነገር አለ። ለጉልበትዎ ያመጣሁልዎን ያን ክኒን ከቡሬ ስገዛ ባለመድኃኒት ቤቱ ለማን እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲነፋብኝ ጊዜ «ለራሴ ነው» ብዬ ተገላገልኩ። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ ነው ብለው ኖሮ ምናልባት አይሰጠኝም ነበር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ አለኝ። እኔም እንዳለው ነገርኩዎ፤ ዐቢይ ጾም መሆኑን ረስቼ።

እርስዎ ደግሞ ጾም የሚገድፉ ሰው አይደሉም። የጠዋቷን ጋቢዎ ጫፍ ላይ ቋጥረው ቅዳሴ ይቆማሉ፤ በዘጠኝ ሰዓት ሲወጡ የማታዋን ይደርቡና እህል ሳይቀምሱ ሁለቱንም ይውጧቸው ነበር። ጉልበትዎ ቀለል ሲልዎት «ልጄ እንደገና ወለደችኝ» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩልኝ። እኔም ኮራሁ።

ሆድዎን ሲያቃጥልዎ ሽሮውን አሙት። ሰገራዎ እንደ ጥላሸት ሲጠቁር አፍረው ደበቁን። ወድቀው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስናደርስዎ ሐኪሙ ጨጓራዎ ሲደማ እንደሰነበተ ነገረን። ያ ዲክሎ የሚሉት ክኒን የሸመገለ ሰው ጨጓራና ኩላሊት ላይ ይከፋል አለ፤ በባዶ ሆድ፣ ያውም ተደርቦ ሲዋጥማ ይብሳል። ግን ዘግይተን ነበር።

በተዝካርዎ ዕለት ምን ሆነ መሰለዎ! ጎረቤትዎ ጠጋ ብለው «ያች የአባትሽ ጥሩ ክኒን ተርፋ እንደሆን እስቲ ለኔም» አሉኝ። ያን ጊዜ አላስቻለኝም፤ ለባለመድኃኒት ቤቱ መዋሸቴን ሳልደብቅ ሁሉንም ድንኳን ውስጥ ተናገርኩ። አንዲት አሮጊት መቀነታቸውን ፈትተው ክኒን አወጡና «ይችስ እሷው ትሆን?» አሉ። እሷው ነበረች።

እማዬን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሳልጠየቅ ዕድሜያቸውንም የሚወስዱትን መድኃኒትም ዘረዘርኩ። ፓራሲታሞል ሰጧቸው፤ እሱም ልክ አለው፣ ሰዓቱ ያመለጠው ክኒን ከሚቀጥለው ጋር አይደረብም ተባልን። የነቢያት ጾም ሳይገባ ንስሐ አባታችንን አስቀድሜ አነጋገርኩ፤ የታመመ ሰው ሐኪም እንዳዘዘው በሰዓቱ ይዋጥ አሉ። እማዬ አጉረመረሙ፣ ግን እሺ ብለዋል።

አባዬ፣ ዝክርዎን አላስታጉልም። ደግሞ መድኃኒት ቤት ቆሜ «ለማን ነው?» በተባልኩ ቁጥር እርስዎን አስባለሁ። እውነቱን እናገራለሁ፤ ሚኒባሱም ከፈለገ ጥሎኝ ይሂድ።

ልጅዎ