የራኡፍ ጣት የታጠፈችበት ቀን

ቶዘር፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን

ልጄ ራኡፍ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። የቴምሩ ለቀማ አልቋል። አንተ ትወጣባቸው የነበሩትን ዛፎች ሁሉ ወንድምህ ጅላኒ ብቻውን ጨረሳቸው። እሱ ሲወጣ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

ትናንት ለጅላኒ ደውለህ “አራት እርምጃ ሄድኩ” ስትለው አጠገቡ ነበርኩ። እኔን ግን አላስጠራኸኝም። እውነትህን ነው።

እዚያ ቱኒስ ሐኪም ቤት መራመድ የምታለማምድህ ኢንሳፍ በስልክ ተቆጥታኛለች። “አባባ ላዝሃር፣ የጀርባው ነርቭ ሁሉ አልተበጠሰም እኮ! አንጎሉ በቀረችው ቀጭን መንገድ እግሩን ማዘዝ ይማራል። ግን እግሩ ሺህ ጊዜ መርገጥ አለበት። ሰባት ወር አዝላችሁት ምን ይማር?” አለችኝ።

መጀመሪያ በማሰሪያ አንጠልጥላ ስታራምድህ ሳይ “ወገኛ! ልጄን እንደ ቴምር ዘለላ ትሰቅይዋለሽ?” ብዬ ጮኼ ወደ ቤት ይዤህ መጣሁ። በኛ ዘንድ ከቴምር ዛፍ የወደቀ ሰው እግሩ መሬት ከነካ ለቤተሰቡ ነውር ነው። አባቴ አጎቴን እስኪሞት አዝሎታል። እኔም አዘልኩህ። “አባዬ አውርደኝ፣ ልሞክር” ስትለኝ “ዝም በል! እኔ ቆሜ እያለሁ?” አልኩህ። ልጄ፣ ያንገበግበኛል።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም። በወደቅክ በሁለተኛው ወር፣ ለሰላት እግርህን ሳጥብ የቀኝ አውራ ጣትህ ታጠፈች። ደነገጥኩ። “እስቲ ጣትህን አንቀሳቅስ” አልኩህ እንደ ቀልድ። አንቀሳቀስካት! አንተ ግን አልተሰማህም፤ ጣሪያውን እያየህ “አባዬ፣ አትቀልድብኝ” አልክ። በፎጣ ሸፈንኳት።

ለምን ብትለኝ፣ መልሰው ያንጠለጥሉሃል ብዬ ነው። እሱም እውነት ነው። ግን ከመውደቅህ በፊት ትተኸን ወደ ስፋክስ ከተማ ልትሄድ ሻንጣ ገዝተህ ነበር። ከወደቅክ በኋላ በየቀኑ ካንተ ጋር ምሳ በላሁ።

ባለፈው ወር ጅላኒ ጣትህን አይቶ ወደ ቱኒስ ሲመልስህ ኢንሳፍ “መቼ ጀመረው?” አለችኝ። “ሰሞኑን” ብዬ ዋሸኋት። በዚህ ወር መጨረሻ ሐኪሞቹ፣ እዚያ ቆይተህ ልምምዱን ትቀጥል ወይስ ቤት ትግባ የሚለውን ሲወስኑ ጣትህ መጀመሪያ የታጠፈችበትን ቀን ያያሉ አሉ፤ ቶሎ የተንቀሳቀሰ እግር ተስፋው ይበልጣል።

ግንቦት 7 ነበር፣ ሐሙስ፣ ከቀትር ሰላት በፊት። ይህን ደብዳቤ ለኢንሳፍ ስጣት።

አላህ ጉልበትህን ያጽናው፣ የረገጥከውን መሬት ያመቻችልህ። ብትቀየመኝ አልፈርድብህም። እግርህ ይዳን እንጂ፣ ወደዚህ ቤት ባያመጣህም ይሁን።

አባትህ ላዝሃር