ስመኝ ቤት ስትሆን ትጽፋለች

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2005

ዛሬም አልጀመረችም። "ነገ፣ እማ" አለችኝ። ይህ ነገ የሚሉት ቀን ስንተኛው ነው!

ትርንጎ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል። ስለ አፈር መሸርሸር አራት ገጽ ጽፋ አርብ ማስረከብ አለባት። ከዚህ በፊት ሁለት ሥራ ሳታስረክብ ቀርታለች። ይህንንም ካስቀረች ክፍሉን ትደግማለች ብሎ መምህሯ መልእክት ልኮብኛል።

የስመኝ ልጅ ሕይወት ግን በታዘዘች ዕለት ጨርሳለች። ስመኝ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ቦኖ ላይ ውሃ ልንቀዳ ተራ ስንጠብቅ "የኔዋማ ሳትጨርስ እንቅልፍ አይወስዳት" አለችኝ። ፈገግ አልኩላት። የያዘችው ጀሪካን ቢቀደድ ደስ ባለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ግን እውነቱን ካልጻፍኩበት ይህ ደብተር ምን ያደርግልኛል?

ማክሰኞ

ትርንጎ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነች ጠዋቱ የራሷ ነው። ምን ስትሠራ እንዳረፈደች ልጻፍ። እርሳስ በምላጭ ቀረጸች። ማንም ሳያዛት ቤት ጠረገች። እርሳሱን እንደገና ቀረጸች። በፌስታል ያመጣችውን አፈር ቀዩን ከጥቁሩ ለየች። ርዕሱን ጻፈች፣ አጠፋች። ጻፈች፣ አጠፋች። ወረቀቱ ሳሳ። "ቀስ በይ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት።

ወረቀቱ የማስተዋል ነው። ማስተዋል ትልቋ ልጄ ናት፤ መስከረም ላይ በወባ የሞተችብኝ። ከደብተሮቿ ሳይጻፍባቸው የቀሩትን ወረቀቶች ለይቼ፣ በመርፌ ሰፍቼ ለትርንጎ አዲስ ደብተር ሠራሁላት። በየቤቱ የምናደርገው ነው፤ ባዶ ወረቀት አይጣልም። የእህቷ ጉብዝናም ይጋባባታል ብዬ ነበር።

"እንደ ማስተዋል ጽሑፍ ቀጥ አድርጊው" አልኳት። እርሳሷን አስቀመጠች።

ረቡዕ

ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ ልጅ እግር ነው፣ ከወሎ የመጣ። ወንበር ሰጠኝ። ልጆቹን አንድ ለአምስት በቡድን እንዳደራጃቸውና ትርንጎ በሕይወት ቡድን ውስጥ እንዳለች ነገረኝ። መሪዋ ሕይወት! ይህንንም አልነገረችኝም።

ሥራ የሚያዘገይ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም አለኝ፤ እንደየጠባዩ ነው። አንዱ ጨዋታ ይወዳል፣ ይረሳዋል። አንዱ እልኸኛ ነው፣ ታዘዝኩ ብሎ ይተወዋል። ሕይወት በተፈጥሮዋ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም። "የእርስዎ ልጅ ግን ጭንቀታም ናት። አበላሸዋለሁ ብላ ስለምትፈራ አትጀምርም። ስንፍና አይደለም። ትንሽ ይራቁላት" አለኝ።

ልራቅላት? አንድ የቀረችኝን?

ስወጣ ግድግዳው ላይ የሕይወት ሥዕል ተለጥፎ አየሁ፤ የላህ ወንዝና ድልድዩ። ያምራል። ጥፍሬ የወረቀቱን ጫፍ ሊቀድ ሲቧጥጥ አገኘሁትና እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ውሃ ልቅዳ ብላ ወጥታ ቆየች። ፍለጋ ብወጣ ጀሪካኗ ስመኝ በር ላይ ተቀምጧል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። የትርንጎ ሳቅ፤ ከመስከረም ወዲህ በእኔ ቤት ያልተሰማ። በበሩ ክፍተት አየሁ። ትርንጎ ሕይወት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በተጨማደደ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ትሰርዛለች፣ ትስቃለች፣ ትጽፋለች።

ስመኝ ሁለት ልጅ አላት። የእኔን አንዷን ደግሞ ወሰደቻት አልኩ። ገብቼ የትርንጎን ክንድ ያዝኩ። "ቤት የላትም? እናት የላትም?"

"ኧረ አንች! ልጅ ናት እኮ፣ ጥጃ አይደለችም! ምን ትጎትቻታለሽ?" አለች ስመኝ።

ቤት ገብተን የሰፋሁትን ደብተር ፊቷ አስቀመጥኩ። ከጀርባዋ ቆምኩ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አንድ መስመር የለም። "እዚያ የምትጽፊውን እዚህ ምን ከለከለሽ?" አልኳት። "እዚያ ብሳሳት ወረቀት ነው። ይሄ ግን የማስተዋል ነው። በሰረዝኩ ቁጥር ፊትሽ ይለዋወጣል" አለችኝ።

እውነቷን ነው። በላጲስ ባሸችው ቁጥር ማስተዋልን የምታጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር። ስመኝ ላይ ብቻ አይደለም የቀናሁት። ስለሞተችው ልጄ ብዬ፣ በተረፈችልኝ ልጄ ላይ ስቀና ከርሜአለሁ። ይህን ለመጻፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ።

አርብ

ጠዋት ደብተሩን ከፊቷ አንስቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እጇን ይዤ ስመኝ በር ላይ ቆምኩ። "ትላንት አጥፍቻለሁ። እስከ ምሳ አንቺ ጋ ትሁንልኝ" አልኳት።

"ዛሬ ደግሞ ራስሽ ነድተሽ አመጣሻት?" ብላ ሳቀችና ከበሩ ገለል አለች። ለእኔም በርጩማ ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ ማየት አልተውም። ስወጣ ሕይወት "ዝም ብለሽ ጻፊው፣ ኋላ እናስተካክለዋለን" ስትላት ሰማሁ። እኔ ስንት ጊዜ ጻፊ አልኳት! ለሕይወት እሺ አለች። ቤቴ ገብቼ ምስር ስለቅም ጠጠሩን አስቀምጬ ምስሩን ጣልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ትርንጎ አራት ገጽ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው። አሳዪኝ አላልኳትም።

አመሻሹ ላይ ዝናብ ጀመረ። የሁለቱን ልጆች ሩጫ ሰማሁ። ኮቴያቸው በእኔ በር አልፎ ስመኝ ቤት ገባ። "ተቀበለኝ! ተቀበለኝ!" ትላለች ትርንጎ፣ በግድግዳው በኩል። የስመኝ እልልታ ተከተለ። ያ እልልታ የእኔ ነበር። ስንት ነጥብ እንደሚሰጣት አላውቅም፣ ወደ ስምንተኛ ትለፍ አትለፍ አላውቅም። ልሄድ ተነሳሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የቤቴ በር ተገፋ። በስብሳ ቆማለች። "እማ፣ ልንገርሽ?" አለች።

"ምን ተገኘ?" አልኳት፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው።