ደህና ነኝ ብለው ስለሞቱት ጋሼ ዘውዱ እና ስለ አሳንሰርዎ

ለሕንፃችን ባለቤት ኩባንያ ክቡር ፕሬዚዳንት
ዴንቨር፣ መሀል ከተማ፣ ዘጠነኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎና በተለይም ለትንፋሽዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ደህንነት ላይ እንድትገኙ እመኛለሁ። የኩባንያዎን ስም በአድራሻው ላይ ያልጻፍኩት ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስሙን ስለቀየረ፣ ሦስተኛውን ለምደን ሳንጨርስ አራተኛው ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነው።

ፀዳል ተክለሚካኤል እባላለሁ። ኦሮራ ውስጥ፣ ከሐቫና ጎዳና ጀርባ ባለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ሲሆን፣ በሕንፃው ያለነው ሐበሾች ላቋቋምነው እድርም ጸሐፊ ነኝ። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬ እንዳይዘበራረቅብዎም በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1. ስለ አሳንሰሩ። ባለፈው ነሐሴ አሳንሰሩ ሲቆም፣ በሩ ላይ «በቅርቡ ይጠገናል» የሚል ወረቀት ከፈገግታ ሥዕል ጋር ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። ወረቀቱ በታኅሣሥ ሲደበዝዝ ወዲያው በአዲስ ተክታችሁልናል። በስምንት ወር ውስጥ ያየነው የጥገና ሥራ ይኸው አንድ ስለሆነ፣ ሳናደንቀው ብናልፍ ነውር ይሆንብናል።

2. ስለ ወንበሯ። ጋሼ ዘውዱ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዓለምነሽ ጋር አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዴንቨር ኤርፖርት ውስጥ፣ መራመድ ያቃተውን መንገደኛ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉ ኖረው፣ ልባቸው ሲታመም ጡረታ ወጡ። ደረጃውን በአንዴ መውጣት ስለማይችሉ ሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው፣ ሲወጡም ሲወርዱም ትንፋሻቸውን የሚሰበስቡት እሷ ላይ ነበር። ኩባንያዎ ወንበሯ በእሳት አደጋ ጊዜ መንገድ ትዘጋለች ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥላት፣ ለሕይወታችን ምን ያህል እንደምትጠነቀቁ ተረድተናል። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ኤሊያስ ከቆሻሻው አውጥቶ፣ አጥቦ ቤቱ አስቀምጧታል። ኋላ እመለስባታለሁ።

3. ስለ ስልኩ። በየወሩ እየደወላችሁ እንዴት እንደሆንን ስለምትጠይቁን ከልብ እናመሰግናለን፤ የሥጋ ዘመዶቻችን እንኳ ይህን ያህል አይደውሉም። እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አልሸሽግም። የእኛ ሰው እንዴት ነህ ሲባል፣ ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን አስቀድሞ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የሆዱን የሚያወጣው ጠያቂው ደግሞ ደጋግሞ ሲጠይቀው ነው። የቢሮዎ ልጆች ግን አንዴ ጠይቀው፣ «ግሬት!» ብለው ይዘጋሉ። እኔ ራሴ ከሥራ ወጥቼ፣ የጤፍ ከረጢት ተሸክሜ፣ ደረጃው መሀል ቆሜ እያለከለክሁ «ፋይን፣ ታንክ ጋድ» ብያለሁ። ስለ አሳንሰሩ አቤት ስንልም፣ ከስድሳው ቤት ሃምሳ ሁለቱ ደህና መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት እንደተናገሩ ጠቅሳችሁ፣ ችግሩ አሳሳቢ እንዳልሆነ በትህትና መልሳችሁልናል።

ጋሼ ዘውዱ ይህን መልስ ሲያነቡ መጀመሪያ በጣም ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና እትዬ ዓለምነሽ ውኃ አመጡላቸው። ከዚያ አንድ ነጭ ወረቀት አውጥተው አናቱ ላይ በአማርኛ «ደህና አይደለንም» ብለው ጻፉ፤ እንግሊዝኛውን እኔ ከሥሩ ጨመርኩበት። ወንበሯ ገና ሳትጣል እሷ ላይ ተቀምጠው፣ ወጪ ወራጁን እያስቆሙ ያስፈርሙና ያስተምሩ ነበር። «ሲደውሉላችሁ መጀመሪያ ኤሌቬተሩ አይሠራም በሉ፤ ፈጣሪን መጨረሻ ላይ አመስግኑት፤ እሱ አይቸኩልም» ይሉ ነበር። ወንበሯ ከተጣለች በኋላ በየበሩ መሄድ ጀመሩ። ሶማሌው ጎረቤታችን ፈረመ፣ ከሜክሲኮ፣ ከቺዋዋ የመጡት እናትና ልጅ ፈረሙ፤ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ፎቅ ያሉት አርባ ስምንት ቤቶች በሙሉ ፈረሙ። አምስተኛው ፎቅ ቀረ። ጋሼ ዘውዱ ወደዚያ መውጣት አልቻሉም፤ እኛም ዛሬ ነገ እያልን ወረቀቱን አልተቀበልናቸውም።

አራት ብዬ ልቀጥል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ እየጣለ ጋሼ ዘውዱ ደረታቸውን ያዙ። የመጡት የአምቡላንስ ሠራተኞች ሁለት ስለነበሩ፣ ኤሊያስ በእግራቸው በኩል ገብቶ አገዘ፤ እኔ ኦክስጅኑን ያዝኩ። ኤሊያስ ጴንጤ ነው፤ ጋሼ ዘውዱ ደግሞ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ነበሩና፣ እነዚህ ሁለቱ በጾም ጉዳይ ስንት ቀን ደረጃው ላይ እንደተከራከሩ እኔ አውቃለሁ። ያን ቀን ኤሊያስ እያለቀሰ ተሸከማቸው። ሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ፣ ወንበሯ ትቀመጥ በነበረበት ቦታ፣ ሰዎቹ ደክሟቸው ለአፍታ አሳረፏቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ እንዴት እንደሆኑ ጠየቃቸው።

ጋሼ ዘውዱ ዐይናቸውን ገለጥ አድርገው «ፋይን፣ ታንክ ጋድ» አሉ።

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሕንፃውን ሙሉ ደህና አይደለሁም በሉ እያሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ደህና አይደሉም ብዬ በእሳቸው ፈንታ መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። አምቡላንሱ ከሐቫና ጎዳና ሳይወጣ አረፉ።

ይህንን እርር ብዬ ከቀብሩ በኋላ በላክሁት አቤቱታ ላይ ጽፌልዎ ነበር። በላካችሁት የሐዘን መግለጫም ይኸንኑ የእኔን ቃል መልሳችሁ ጠቅሳችሁ፣ ሟቹ ደህና መሆናቸውን ለሕክምና ባለሙያዎች ስለመናገራቸው «መረጃ እንዳላችሁ» ገልጻችኋል። ለእትዬ ዓለምነሽም ሐዘኗን ከግምት አስገብታችሁ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያለምንም ቅጣት ቤቱን እንድትለቅ ፈቅዳችሁላታል። የባሏ ልብስ ገና በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። መልቀቅ ትፈልግ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ ጉልበቷ ስለሚያማት ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ አንድም ቀን ወደ ምድር አልወረደችም። ክቡር ሆይ፣ ስለ አክብሮቴ መጉደል ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ለቅሶው ላይ የአምስተኛ ፎቅ ሰዎች ሁሉም ወረዱ። ማንም ሳይነግራቸው፣ ከአሥራ ሁለቱም ቤት፣ ወረቀቱ የታለ ብለው ፈረሙ። እንግዲህ ስድሳ ቤት ሆነናል። እትዬ ዓለምነሽ ከቤቷ አትወጣም፤ እንድትወጣ የሚያስገድዳት ቢመጣ የሚያልፈው ስድሳ ሰው የተቀመጠበትን ደረጃ ነው፤ ተራችንን የእድሩ መዝገብ ላይ ጽፈናል።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዎ እንደ ልማዱ ደወለ። የፈለጋችሁት ሚስተር ዘውዱን ነበር። ስልኩን ያነሳችው እትዬ ዓለምነሽ ናት፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር እኔ ወጥ ቤቷ ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ እሰማለሁ። ልጅቷ በጣፋጭ ድምፅ «ሃው አር ዩ ቱዴይ?» አለቻት። እትዬ ዓለምነሽ ከአፏ ሊወጣ የደረሰውን «ፋይን» መለሰችው። ከዚያ በዚያችው በምታውቃት ትንሽ እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየቆጠረች እንዲህ አለች፦ «ኤሌቬተር ኖ ወርክ። ማይ ሃዝባንድ ዳይድ። አይ አም ኖት ፋይን።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ታንክ ጋድ» ብላ ጨረሰች። ልክ ባሏ እንዳስተማሯት፣ ፈጣሪን መጨረሻ ላይ አደረገችው። ልጅቷ «ግሬት» አላለችም። ስታለቅስ ሰማኋት፤ እባክዎ በዚህ ምክንያት ከሥራ እንዳያባርሯት።

ላሳዩኝ ትዕግሥት ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ክብርዎ ከፍ እንዳለ፣ እርስዎም ከፍ ብለው እንደተቀመጡ ይኑሩልን።

ከታላቅ አክብሮትና ከሦስተኛ ፎቅ፣
ፀዳል ተክለሚካኤል፣ የእድሩ ጸሐፊ
ከስድሳ ቤቶች ፊርማ ጋር

ማስታወሻ፦ የጋሼ ዘውዱ አርባ የፊታችን ዓርብ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ይደርሳል፤ ከሰዓት ደግሞ ከከተማው ፈቃድ አግኝተን ከቢሮዎ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ እግረኛ መንገዱ ላይ እንቀመጣለን። እትዬ ዓለምነሽን ኤሊያስና ሦስት ጎረቤቶች በዚያችው በነጯ ወንበር ተሸክመው ያወርዷታል። እርስዎም ወርደው ቢያስተዛዝኗት ደስ ይለናል። ምናልባት የእርስዎም አሳንሰር በዚያ ቀን ቢበላሽ አይጨነቁ፤ ሰው በደረጃ ማውረድ ለምደናልና መጥተን እንሸከምዎታለን። በየፎቁ ስናርፍ እንዴት እንደሆኑ እንጠይቅዎታለን፤ እባክዎ እውነቱን ይንገሩን።