ከየት መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጡ?

ለልጄ ለዜማ፤ የደብራችን ታቦት ባሕር ተሻግሮ ይጠብቅሽ፤ እሱን መቼም ቪዛ አይጠይቁትም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። መሬቱን ለአለበል የእኩል እንዲያርሰው ሰጥቼዋለሁ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንዳንቺ ገና ሳትጠና አጥር ትዘላለች።

የምታጥቢያቸው ሽማግሌ ፈረንጆች ካገራቸው ጡረታ ወጥተው አንቺ ባለሽበት አገር የሚቀመጡበትን የረጅም ጊዜ ቪዛ ላንቺም ላውጣልሽ ብለሽ የጡረታ ማስረጃ ስለጠየቅሽኝ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው የሥራነሽ ልጅ እንዳላማው ነው።

«እማማ፣ ከየት መሥሪያ ቤት ነው ጡረታ የወጡት?»

«ከአረምና ከአጨዳ።»

«ደመወዝ ማን ይከፍልዎት ነበር?»

«ሰማይ፤ እሱም ባሻው ዓመት።»

«እሺ፣ ማን አሰናበትዎት?»

«ጉልበቴ።»

ቪዛው ዳግመኛ ሥራ አልሠራም ብሎ መፈረምም ይጠይቃል ብለሻል። ለዚህስ ባሥሩም ጣቴ እፈርም ነበር። ግን በየወሩ ገንዘብ የማይገባለት ሰው አይፈቀድለትም አሉ። ለካ ለማረፍም ሀብታም መሆን ያስፈልጋል።

እንዳላማው መጻፉን ትቶ «የሚጦርዎት ሰው የለም?» አለኝ።

«ልጅ አለችኝ።»

«የት ናት?»

«ባሕር ማዶ፣ የሰው ሽማግሌ ትጦራለች።»

ልጁም ማኅተሙን ሳያነሳ እስከ በር ድረስ ደግፎ ሸኘኝ።

ልጄ፣ እጅሽን ይባርከው፤ የምታነሺያቸው የምታስተኚያቸውም ይመርቁሽ። ረጅሙ ቪዛ ይቅርብኝ። ከቻልሽ ግን ለአንድ ሰሞን ፈቃድ ጠይቂና ነይ፤ አገር ቤትም አንዲት አሮጊት አለችብኝ በያቸው።

እናትሽ ወለተ ማርያም
ከአማኑኤል