«የልብስ ሰፊዎች ትኩሳት» ስለተባለልን በሽታ

ይድረስ ለተከበሩ የበሽታዎች ስያሜ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ሳልዎም እንደተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት ባለው መደዳ ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ታማሚዎች ከእኛ መደዳ ስለተገኙ በሽታውን «የልብስ ሰፊዎች ትኩሳት» ብለው ስለሰየሙልን፣ ሙያችን በራዲዮ እስኪነገርለት ድረስ ዝነኛ ይሆናል ብለን በሕልማችንም አስበን ስለማናውቅ፣ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቅር ያሉኝን ጥቂት ነገሮች ግን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሴት ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ስሙ በተነገረ ማግስት አስተማሪዋ የኋላ ወንበር ላይ ለብቻዋ አስቀመጧት። እሷን አንድ ቀን እንኳ ትኩሳት ነክቷት አያውቅም፤ ሳምንት ሙሉ ሲያተኩሰው የሰነበተው የመሐንዲሱ ልጅ ግን፣ የመሐንዲሶች ትኩሳት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ከፊት ተቀምጦ ይማራል። ይህን ስጽፍ አንጀቴ እያረረ ነው፤ ይቅርታዎን፣ ደስ እያለኝ ነው ለማለት ነው።

፪. ቫይረሱን ደግሞ ሌላ ኮሚቴ በፊደልና በቁጥር ብቻ፣ ማንንም በማይነካ ጨዋ ስም እንደሰየመው ሰምቻለሁ። በዓይን የማይታየው ፍጡር ክብሩ ሲጠበቅለት፣ በየቀኑ በመስኮትዎ የምንታይዎት እኛ መረሳታችን ጥቂት ገርሞኛል።

፫. ቀደም ብለን ያስገባነው አቤቱታ ተሰምቶ የበሽታው ስም ተቀይሯል፤ እግዜር ይስጥልን። ሆኖም ጤና ጣቢያው በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ከአዲሱ ስም ቀጥሎ በቅንፍ፣ ያውም በደማቅ ቀለም፣ «ቀድሞ የልብስ ሰፊዎች ትኩሳት ይባል የነበረው» ተብሎ ተጽፏል። አዲሱን ስም ማንበብ ለሁሉም ስለሚከብድ፣ ሰው የሚያነበው ቅንፉን ነው። ልጄም እስካሁን ከኋላ ወንበር አልተነሣችም። የምለምነው ያን ቅንፍ እንዲያነሡልኝ ብቻ ነው።

ውለታዎን በልኩ ለመመለስ ያብቃን እያልኩ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እጅ እነሣለሁ።

ሳይታመም የበሽታ ስም የወጣለት
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ከመካከላችን አንድም ሰው ሳይታመም በፊት፣ እያሳሉና ላብዎን እየጠረጉ መጥተው እጅጌው እንዲያጥር የሰጡኝ ኮት ደርሷል። በእኛ ሙያ የመጣ ነገር ሁሉ የሚጠራው ባመጣው ሰው ስም ነው፤ ስለዚህ የእርስዎን ስም በወረቀት ጽፌ በመርፌ ቁልፍ አያይዤበታለሁ። ቅንፍ አላደረግሁበትም።